«ከልብ» ውሻ የሆነበት አገር

ባለፈው ወር ስለ ልጆቻችንና ስለ ስልክ ጽፌ ስንቶቻችሁ ሱቅ በር ላይ አቆማችሁኝ! አንዷ እህት እንጀራዋን እንዳቀፈች «ወንድሜ፣ ያንተ ጽሑፍ ራስ ምታት ሆነብን፣ አንዳንዴ እንኳን ቀለል ያለ ነገር ጻፍልን» አለችኝ። እሺ ብያለሁ። የዛሬው ስለ ውሻ ነው። ቀለል ይበል አይበል እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ «ውሻ ካልገዛችሁልኝ» ብላ ቤቱን ማመስ ከጀመረች ሦስት ወር አለፋት። እናቷ «ውሻ የግቢ ነው፣ እኛ ደሞ ግቢ የለንም» ብላ ዘግታዋለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ፤ በሌላ አነጋገር ፈሪ ነኝ። ቢያንስ የሰው ውሻ ትይ ብዬ ሰፈራችን ያለው ፓርክ ይዣት ሄድኩ።

እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጠና ያሉ ፈረንጅ ሴትዮ ውሻቸውን እየጎተቱ፣ ወይም ውሻው እሳቸውን እየጎተተ፣ መጡ። ቀይ ነው፤ አሁን ከእሳት የወጣ ሸክላ የመሰለ። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ። ጆሮዎቹ ትልልቅና ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። የጅራቱ ጫፍ ነጭ ቀለም ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ሳላስበው ከአፌ አፈትልኮ ወጣ፦

«ከልብ ታል ፈነክ!»

ሴትዮዋ ባሉበት ቀጥ አሉ። ውሻውን ካሳደጉ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሙን በአገሩ ቋንቋ ሲጠራ የሰሙት አሁን ገና ነው። እሳቸው የሚያውቁት አሜሪካኖቹ የሚጠሩበትን ስም፣ «ፋሮ ሀውንድ» የሚለውን ነው፤ የፈርዖን ውሻ እንደማለት። አምስት ሺህ ዓመት የኖረ ዝርያ እንደሆነ፣ ፊንቄያውያን ነጋዴዎች ከግብፅ በመርከብ ጭነው ማልታ ደሴት ላይ እንዳራገፉት በደስታ ተረኩልን። ልጄ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አባቢ፣ ያ ምን ቋንቋ ነው?»

«የማልታ።»

«ማልታ ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። ማልታ ሄጄ አውቃለሁ። ለልጄ ግን ነግሬያት አላውቅም። «አባትሽ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ መጣ» ነው የምታውቀው፤ በመሀል ያለውን ሰሃራ፣ ሊቢያና ባሕር ዘልዬዋለሁ። ብዙዎቻችሁም እንደዘለላችሁት አውቃለሁ፤ ስለዚህ አትፍረዱብኝ።

ማልታ የደረስኩት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ለማታውቋት፣ ከሲሲሊ በስተደቡብ ዘጠና ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቃ የተቀመጠች፣ ከነታናናሽ ደሴቶቿ ተደምራ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች አገር ናት። የአውሮፓ ኅብረት አባል ነች፣ ሕዝቧ ካቶሊክ ነው። ቋንቋዋ ግን የእኛ ዘመድ ነው። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፣ ከዓረብኛ የወጣ። መጀመሪያ ቀን ጆሮዬን አላመንኩትም። «ስማ» ለማለት «ኢስማ» ይላሉ። ራስን «ራስ» ይሉታል፣ ምላስን «ልሲየን»። ሲቆጥሩ ደግሞ ሰባት «ሰብዓ»፣ አምስት «ሐምሳ» ነው። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ውሻ ነው። «ከልብ» ይሉታል። በግዕዝም ውሻ «ከልብ» ነው፤ የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ከአማርኛው በቀር ሌላ ስላልመጣልኝ አንድ ሰው ውሻውን «ከልብ! ከልብ!» ሲል «ይሄ ሰውዬ ምንኛ ቅን ነው» ብዬ ነበር።

«ፈነክ» ጥንቸል ነው። ቃሉ በዓረብኛ የዚያች ጆሮ ብቻ የመሰለች የበረሃ ቀበሮ ስም ነው፤ ማልታ ሲደርስ ጥንቸል ሆነ። በሁለቱ መሀል ያለችው «ታል» የእኛን «የ» ትተካለች። «ከልብ ታል ፈነክ» ማለት እንግዲህ የጥንቸል ውሻ ነው፤ ፈርዖን የሚባል ነገር የለበትም።

ውሻውን ያወቅሁት በሥራ ነው። ያኔ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር እንቆማለን፤ የቀን ሠራተኛ የሚፈልግ መኪናውን አቁሞ በጣቱ ይጠቁማል። አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ አሠርቶ ሳይከፍል ይሄዳል። አንድ ቀን የጠቆሙኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ከፈሉ። በማግስቱም ተመልሰው መጡ፣ እኔኑ ፈልገው። ሥራው የፈረሰ ካብ መካብ ነው። የማልታ ገጠር የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ እርሻው በሙሉ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ በተሠራ ካብ የተከፋፈለ ነው። ጥንቸሎቹ የሚኖሩት እዚያ ካብ ውስጥና በአለቱ ስንጥቅ ነው።

ሽማግሌው አንዲት ቀይ ውሻ ነበረቻቸው። ቀን ቀን ድንጋይ ስጭን ጥላ ሥር ተኝታ በማር ቀለም ዓይኗ ታየኛለች። እንደ አገር ቤት ውሻ አትጮህብኝም፣ እንደ ፈረንጅ ውሻም አትልሰኝም። ዝም ብላ ታየኛለች። (ቡችሎቻቸው ሲወለዱ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው አሉ፤ ሲያድጉ ነው ወደ ማር የሚለወጠው።) አንድ ነገር ግን ነበራት፦ ሽማግሌው የአደኑን መረብ ከግድግዳው ሲያወርዱ ታፍራለች! የምሬን ነው። አፍንጫዋና የጆሮዋ ውስጥ ሮዝ ሆኖ ይቀላል። መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ነበር። ለካ የዚህ ዝርያ መታወቂያው ነው፤ ደስ ሲለው ወይ ሲቸኩል ደሙ አፍንጫው ላይ ይታያል። ፀጉሩ አጭር፣ አፍንጫውም ጥቁር ሳይሆን የቆዳው ቀለም ስለሆነ መደበቅ አይችልም። በዚህ በኩል ለእኛ ለሐበሾች አይሆንም።

አንድ ምሽት አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። የጥንቸል አደን በማልታ የማታ ሥራ ነው። ውሻዋ አንገት ላይ ትንሽ ቃጭል ታስሮላታል፤ በጨለማ የት እንደደረሰች የሚታወቀው በድምፁ ነው። ሽማግሌው በከረጢት አንዲት ፌሬት ይዘዋል፤ ሙጭልጭላ የምትመስል ቀጭን አውሬ ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውሻዋ ካቡን እያሸተተች ትሄዳለች። ሁለት እግሮቿን ድንጋዩ ላይ ትሰቅልና ጆሮዋን ታዘነብላለች፤ ከአፍንጫዋ እኩል ጆሮዋን ታምነዋለች። ጥንቸሉ ያለበትን ስታረጋግጥ ትጮሃለች። ያኔ ሰው ይመጣል፣ መውጫ ቀዳዳዎቹን በመረብ ይሸፍናል፣ በአንደኛው ፌሬቷን ይለቅቃል። ጥንቸሉ ከፌሬቷ ሲሸሽ መረቡ ውስጥ ይገባል። ውሻ፣ አውሬ፣ ሰው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

እኔ ከባሕሩ በኋላ ጨለማ አልወድም ነበር። ማደሪያችን ውስጥ እንኳን መብራት ካልበራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ማታ ሽማግሌው ባትሪያቸውን ሲያጠፉ ልቤ ቆመ። «ኢስማ» አሉኝ። ሰማሁ። ቃጭሉ በስተቀኝ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ። አንድ ሕይወት ያለው ነገር በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ መንገዱን አውቆ እየዞረ ነው። ወደ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ውሻዋ ተመልሳ መጥታ ጎኗን እግሬ ላይ ደገፍ አደረገች። ደክሟት ይሁን በርዷት አላውቅም። ሲነጋ ተኛሁ። መብራት አጥፍቼ ነው የተኛሁት።

ጥንቸሉን ግን አልበላሁም! ሽማግሌው በወይንና በቲማቲም ተሠርቶ የሚቀርበውን የአገራቸውን ወጥ ይዘው ሲመጡ በሃይማኖታችን እንደማይበላ ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ እግዚአብሔር ያውቃል። ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ እየጠቀስኩ በእጅ ቋንቋ! በመጨረሻ ዳቦና አይብ ሰጡኝ፤ ቅር ግን ብሏቸዋል። ለምን ቅር እንዳላቸው የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ታሪኩን ሳነብ ነው።

ማልታን ከ1530 እስከ 1798 የገዟት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ባላባቶች ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመላው አውሮፓ የመጡ መኳንንት ናቸው፤ አደን ይወዳሉ፤ ጥንቸሉም የእነሱ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለገበሬው ደግሞ ጥንቸል ያለ ገንዘብ የሚገኝ ሥጋ ነበር። በ1773 ሥልጣን የያዙት የማኅበሩ አለቃ ሒሜኔስ ደ ቴክሳዳ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት የእህል ዋጋ አስጨመሩ፤ ጥንቸል ማደንንም ከለከሉ። ዳቦውም ተወደደ፣ ሥጋውም ተከለከለ። መስከረም 1775 ላይ ጥቂት ቄሶች የመሩት አመፅ ተነሣ፤ ዋና ከተማዋ ቫሌታ ያለውን የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ሳይቀር ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ተሸነፉ። ሦስቱ ተገደሉ። መሪው ዶን ጋኤታኖ ማናሪኖ እስር ቤት ገብተው የወጡት ናፖሊዮን ማልታን ሲይዝ፣ በ1798 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት! እርግጥ አመፁ በጥንቸል ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ግን ጥንቸሉ አለበት። ዛሬ ማልታዎች ዘመድ ወዳጅ ጠርተው ጥንቸል የሚበሉበት ድግስ «ፈንካታ» ይባላል፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ በሚውለው የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ደግሞ የግድ ነው። እና ያ ሽማግሌ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ እራት ብቻ አልነበረም ያቀረቡልኝ። እኔ ዘሌዋውያን እጠቅሳለሁ።

አሁን ወደ ፈርዖን ልመለስ፤ ቤቴን ያመሰው እሱ ነው። ልጄ ሰኞ ለትምህርት ቤት ስለ አንድ እንስሳ ማቅረብ ነበረባትና ይህንኑ ውሻ መረጠች። ርዕሷ «የአምስት ሺህ ዓመቱ ውሻ»። የግብፅ መቃብር ሥዕል ለጠፈችበት፤ ያምራል። እኔ ደግሞ ነገር መመርመር ልማዴ ነው፤ እሁድ ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ነገሩ እንደ ሴትዮዋ ተረት አልሆነም።

ግብፆች ቀጥ ያለ ጆሮ ያለው ቀጭን አዳኝ ውሻ እንደነበራቸው እውነት ነው። እንዲያውም በ1935 ጊዛ ላይ የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለ፤ አቡውቲዩ ስለሚባል የንጉሥ ዘበኛ ውሻ ነው። ሲሞት ንጉሡ የሬሳ ሣጥን፣ በፍታና ዕጣን እንዲሰጠው፣ መቃብርም እንዲሠራለት አዘዙ ይላል። ግን መመሳሰል ዝምድና አይደለም። በ2004 «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ሰማንያ አምስት ዝርያ፣ በድምሩ 414 ውሾች በዲኤንኤ ተመረመሩ። የጥንት ሆነው የተገኙት የኮንጎው ባሰንጂ፣ ሳሉኪ፣ የጃፓኑ አኪታና የመሳሰሉት ናቸው። ከሁሉ ይቀድማሉ ሲባሉ የኖሩት የፈርዖን ውሻና የስፔኑ የኢቢዛ ውሻ ግን ከአዲሶቹ የአውሮፓ ውሾች መሀል ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት፣ በቅርብ ዘመን ከሌሎች ውሾች ተዳቅለው የጥንቱን መልክ ይዘው የወጡ ይመስላሉ የሚል ነው።

ቆም ብሎ ላሰበው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኛ በአማርኛ ሁሉንም «ጥንቸል» እንላለን እንጂ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው ጥንቸልና ሜዳ ላይ የሚተኛው ረጅም እግሩ ጥንቸል ሁለት እንስሳ ናቸው። ጉድጓድ የሚቆፍረው የትውልድ አገሩ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ፈረንሳይ ነው፤ ወደ ሌሎቹ አገሮችና ደሴቶች የወሰደው ሰው ነው። ግብፅ ያለው ሜዳ ላይ የሚተኛው ነው። እንግዲህ ሙያው ሁሉ ከድንጋይ ስንጥቅ ጥንቸል ማውጣት የሆነ ውሻ፣ ሙያውን ከፈርዖን ቤት ተማረ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ «ፈርዖን» ከየት መጣ? ከእንግሊዞች። ማልታ እስከ 1964 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1960ዎቹ ማልታ ያገለግል የነበረ የአንድ መኮንን ሚስት ውሾቹን ወደ እንግሊዝ አስገቡ፤ በ1967 አሜሪካ ገቡ፤ በ1983 የአሜሪካ የውሾች ማኅበር ተቀበላቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ «የጥንቸል ውሻ» ብሎ ከመሸጥ «የፈርዖን ውሻ» ብሎ መሸጥ ሳይቀል አይቀርም። ማልታዎች ግን በስማቸው ጸኑ። ብሔራዊ ውሻቸው ነው፤ በ1977 ባወጡት የብር ሳንቲም ላይ ምስሉን ሲቀርጹም «ከልብ ታል ፈነክ» ነው።

በጽሑፍ የሚገኘው ማስረጃም የማልታ ነው። ጆቫኒ ፍራንቼስኮ አቤላ የተባሉ የደሴቲቱ ታሪክ ጸሐፊ በ1647 ባሳተሙት መጽሐፍ «ቼርኔኪ» የሚባሉ ጥንቸል አዳኝ ውሾች ማልታ ውስጥ እንዳሉ፣ ድንጋያማና ገደላማ ቦታ ላይ ጎበዝ ስለሆኑ እስከ ፈረንሳይ ድረስ እንደሚፈለጉ ጽፈዋል። ስሟን ልብ በሉ። ሲሲሊ ውስጥ ኤትና ተራራ ሥር ያለው ዘመዳቸው እስከ ዛሬ «ቺርኔኮ» ነው የሚባለው። ስፔን ውስጥ «ፖዴንኮ»፣ ፖርቱጋል «ፖዴንጎ» አለ። ከደሴት ደሴት ተዘማምደው የኖሩ የድሃ ገበሬ ውሾች ናቸው። (አውሮፓ ያላችሁ፣ የአደን ወቅት ሲያልቅ ስፔን ውስጥ ብዙ ፖዴንኮዎች ሜዳ ላይ ይጣላሉ፤ ወደ ጀርመንና እንግሊዝ ለአሳዳጊ የሚልኳቸው ድርጅቶች አሉ። ውሻ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከመግዛት በፊት እዚያ ጠይቁ።)

ይህን ሁሉ እሁድ ማታ በሦስት ሰዓት ለልጄ ስነግራት አለቀሰች። ፖስተሩ አልቋል፣ ርዕሱ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፣ አባቷ መጥቶ ውሸት ነው ይላታል። እናቷ ከማድቤት «ምን አለበት፣ ልጅቷን ተዋት፤ አምስት ሺህ ቢሆን አምስት መቶ ቢሆን ማን ይቆጥራል?» አለች። እኔም ለመተው ዳድቶኝ ነበር። ግን ልጄ ዓይኗን ጠርጋ «እሺ፣ አንተስ? ማልታ ለምን ሄድክ?» አለችኝ።

የእሷን ፖስተር እውነት ይሁን ብዬ ቁሜ የራሴን ልዋሽ አልቻልኩም። ነገርኳት። ሁሉን አይደለም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የምትችለውን ያህል። ስለ ጀልባው፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ቃጭሉ። ስንት ሰው እንደነበርን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁላችሁም ደረሳችሁ ወይ አለችኝ። «አይ» አልኳት። እናቷ ማድቤት በር ላይ ፎጣዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ለእሷም የተወሰነው አዲስ ነው።

ከዚያ ልጄ ወርቃማውን ርዕስ ቀደደችው። «የ1647ቱ ውሻ» ብላ ጻፈች፤ የፈርዖኑን ሥዕል ግን አላነሳችውም፤ ከሥሩ «እንዲህ ይባል ነበር» ብላ ጨመረች። «የአንተን ልናገር?» ስትለኝ «የውሻዋንና የቃጭሉን ተናገሪ፤ የጀልባውን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ» አልኳት። ይኸው፣ የተወሰነውን ጻፍኩት።

ውሻ እንግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ይህን ዝርያ አፓርታማ ላላችሁ አልመክርም። ወንዱ ከትከሻው እስከ ስድሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቤት ውስጥ ንጹሕና ጨዋ ነው፤ ውጭ ግን ሽኮኮ ካየ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም፤ ስለዚህ ከገመድ አይፈታም። አጥር ይዘላል። ፀጉሩ ስስ ስለሆነ በክረምት ካፖርት ይፈልጋል። ከተቆጡት ያኮርፋል፤ በዱላ ምንም አይማርም። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ዓመት ይኖራል፤ ማለትም ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጠዋት ጠዋት የምታዞሩት እናንተ ናችሁ።

እኛ አልገዛንም። ግን ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻቸውን ልጄ እንድታዞርላቸው ጠየቁ፤ እኔ አጅቤ ነው። ባለቤቴ «እስከ በሩ ድረስ ብቻ» ብላ ፈቅዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበርና በሩ ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አየችው። አሮጌ ፎጣ ይዛ ወጣች። አፍንጫው ቀላ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ሰላም ክረሙ።